ሰልፉ ለምን አያልቅም? የመዝናኛ ፓርክ ወረፋ እንዴት እንደሚሠራና ጥበቃው እንዴት እንደሚያጥር

በአሜሪካ ትምህርት ቤቶች በሚዘጉበት ወቅት ከዋሽንግተን፣ ከአትላንታ፣ ከዳላስና ከሌሎች ከተሞች በርካታ ኢትዮጵያውያን ቤተሰቦች ልጆቻቸውን ይዘው ወደ ፍሎሪዳዋ ኦርላንዶ ይጓዛሉ። አንዳንዱ ለዚህ ጉዞ ዓመቱን ሙሉ ይቆጥባል፤ አንዳንዱም ከአገር ቤት ለጥየቃ የመጡትን አያት ጨምሮ ይሄዳል። በዚያ ወዳለው ትልቅ የመዝናኛ ሥፍራ፣ ወደ ዋልት ዲዝኒ ወርልድ፣ የሚያስገባው የአንድ ቀን ትኬት በሰው ከ100 ዶላር በላይ ስለሆነ፣ አምስትና ስድስት ሆኖ የሚሄድ ቤተሰብ የሚያወጣው ገንዘብ ቀላል አይደለም። ይህን ሁሉ ከፍሎ የቀኑን እኩሌታ በወረፋ ቆሞ ማሳለፍ ልብ የሚሰብር ነገር ነው፤ ልጆች ሲያለቅሱና ወላጆች በድካም ሲነታረኩ ማየት በነዚህ ፓርኮች የተለመደ ነው። ከዚህ ጥበቃ ውስጥ ብዙው ግን የወረፋውን አሠራር አስቀድሞ በማወቅ ሊቀር የሚችል ነው።

ወደ ዝርዝሩ ከመግባታችን በፊት ጥቂት ቃላትን እንስማማባቸው። «መጫወቻ» ስንል ሰው ተሳፍሮ የሚዝናናበትን ማንኛውንም ባቡር፣ ጀልባ ወይም ተሽከርካሪ ማለታችን ነው። «መደበኛ ሰልፍ» ያለ ተጨማሪ ክፍያ ማንም ሰው ቆሞ የሚጠብቅበት ነው። ዓመቶቹና ወሮቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ሲሆኑ፣ ሰዓቱን ግን በእኛ አቆጣጠር እንጽፋለን፤ ስለዚህ የፓርኩ መተግበሪያ 7፡00 ብሎ የሚያሳየው የማለዳ ሰዓት እዚህ ከጠዋቱ 1 ሰዓት ተብሎ ይነበባል። ይህ ጥቃቅን ነገር ይመስላል፤ ሆኖም ከአገር ቤት የመጣ እንግዳ በተቀጠረለት ሰዓት እንዲገኝ ከተፈለገ አስቀድሞ መነገር አለበት።

የሰልፉ ርዝመት የሚያሳስተን ለምንድን ነው?

አመሻሽ ላይ መገናኛ ሁለት የታክሲ ሰልፎች አሉ እንበል። በአንዱ 60 ሰው፣ በሌላው 30 ሰው ቆሟል። ወደ አጭሩ መሄድ የሚያዋጣ ይመስላል። ነገር ግን ወደ ረጅሙ ሰልፍ በየ3 ደቂቃው 12 ሰው የሚጭን ሚኒባስ የሚመጣ ከሆነ የመጨረሻው ሰው በ15 ደቂቃ ይሳፈራል፤ በአጭሩ ሰልፍ ደግሞ ሚኒባሱ በየ10 ደቂቃው ብቻ ብቅ የሚል ከሆነ 30ኛው ሰው ግማሽ ሰዓት ይቆማል። የጥበቃውን ጊዜ የሚወስነው ከፊታችን የቆመው ሰው ብዛት ለብቻው ሳይሆን ያ ብዛት መጫወቻው በሰዓት ለሚያስተናግደው ሰው ሲካፈል የሚገኘው ውጤት ነው። ይህን ዝምድና አሜሪካዊው ምሁር ጆን ሊትል በ1961 በሒሳብ ያረጋገጡት ሲሆን፣ በኦርላንዶም ሆነ በአቡ ዳቢው ፌራሪ ወርልድ፣ በፓሪሱ ዲዝኒላንድም ሆነ በባንክ ቤት ወረፋ እኩል ይሠራል።

ከዲዝኒ ወርልድ 4 ፓርኮች አንጋፋ በሆነው፣ በጥቅምት 1971 በተከፈተው ማጂክ ኪንግደም ውስጥ ይህን በግልጽ የሚያሳዩ ሁለት መጫወቻዎች አሉ። ፒተር ፓንስ ፍላይት የተባለው በአየር ላይ የሚንሳፈፉ የሚመስሉ ትንንሽ መርከቦች ያሉት ሲሆን፣ በእያንዳንዳቸው የሚቀመጡት ጥቂት ሰዎች ብቻ ስለሆኑ ሰልፉ አጭር በሚመስልበት ጊዜ እንኳ ቀስ ብሎ ነው የሚንቀሳቀሰው። ሆንትድ ማንሽን የተባለው የመናፍስት ቤት ግን ተያይዘው ሳያቋርጡ የሚጓዙ ብዙ ወንበሮች ስላሉት ከደጁ ውጭ የተጠማዘዘ ሰልፍ ቢታይም ሰዉ ቶሎ ቶሎ ይገባል። ሰልፍን በዓይን ለክቶ የሚመርጥ ጎብኚ ብዙ ጊዜ የሚሳሳተው በዚህ ምክንያት ነው።

ድርጅቱ ራሱ ይህን በሚገባ ያውቀዋል። በራሪ ዝሆኖች ያሉት የትንንሽ ልጆች መጫወቻ ዱምቦ ለዓመታት እጅግ ቀርፋፋ ሰልፍ ከሚታይባቸው አንዱ ስለነበር፣ በ2012 ሁለተኛ ተመሳሳይ መጫወቻ ከጎኑ ተተክሎለት አቅሙ እጥፍ ሆነ፤ ልጆች ተራቸውን እየጠበቁ የሚቦርቁበት ጥላ ያለው ቦታም ተሠራለት።

በመግቢያው ላይ የሚጻፈው የጥበቃ ጊዜስ ይታመናል?

በከፊል። ቁጥሩ ግምት ነው። ሠራተኞች አልፎ አልፎ ለአንድ ጎብኚ በመግቢያው ላይ ቀይ ካርድ ይሰጡታል፤ ጎብኚው ሊሳፈር ሲል ካርዱን ለሌላ ሠራተኛ ሲያስረክብ ጉዞው የወሰደው ጊዜ ይታወቃል። ካርድ የተሰጠው ሰው ሳያቋርጥ ወደፊት እንዲሄድ ይጠበቃልና ከደረሰዎት ይዘው ይቀጥሉ። ሰልፉ ከካርዱ በኋላ ሊረዝም ወይም ሊያጥር ስለሚችል በቦርዱ ላይ ያለው ቁጥር ከእውነታው ዘግየት ይላል፤ በተለይ ምሽት ላይ፣ ሰዉ ወደ ቤቱ በሚሄድበት ሰዓት፣ ትክክለኛው ጥበቃ ከተጻፈው አጥሮ የሚገኝበት ጊዜ ብዙ ነው።

ተራ ይዞ መሄድ ሲቻል ሰልፉ ለምን አላጠረም?

ብዙ ሰው የማይገባው ይህ ነውና ረጋ ብለን እንየው። የቦኖ ውኃ ወረፋ የሚያውቅ አንባቢ ሐሳቡን ለመረዳት አይቸገርም። ውኃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር ሰዉ ጄሪካኑን በተራ ደርድሮ ወደ ጉዳዩ ይሄዳል፤ ጄሪካኑ ይሰለፋል፣ ባለቤቱ ሥራውን ይሠራል፣ ተራው ሲቃረብ ይመለሳል። ዲዝኒ በ1999 ፋስትፓስ ብሎ የጀመረው አገልግሎት ሐሳቡ ይኸው ነበር። ጎብኚው ትኬቱን ወደ አንድ ማሽን ሲያስገባ የመመለሻ ሰዓት የተጻፈበት ወረቀት ይወጣለታል፤ በሰዓቱ ተመልሶ በአጭሩ መስመር ይገባል። ክፍያ አልነበረውም።

ነገር ግን የጄሪካኑ መደርደር የቧንቧውን ውኃ አይጨምረውም። መጫወቻው በሰዓት 1,000 ሰው የሚያስተናግድ ከሆነ ፋስትፓስ ከመጣ በኋላም ያው 1,000 ነው። የተለወጠው ነገር ሁለት ነው። አንደኛ፣ ቀድሞ በሰልፍ ውስጥ ቆሞ ይቆይ የነበረው ሰው አሁን ነፃ ስለሆነ ሄዶ በሌላ መጫወቻ ይሰለፋል፤ ስለዚህ ቀድሞ ሰው የማይበዛባቸው ቦታዎች ሁሉ መሰለፊያ ሆኑ። ሁለተኛ፣ በሰዓቱ የሚመለሰው ሰው መቀመጫ የሚወስደው ቆሞ ከሚጠብቀው ድርሻ ላይ ነው። ለምሳሌ ያህል፣ ከ1,000ው መቀመጫ 700ው ቀጠሮ ለያዙት ከተሰጠ ለመደበኛው ሰልፍ የሚቀረው 300 ብቻ ይሆናል። በዚህ ጊዜ ከፊትዎ 300 ሰው ብቻ ቢቆምም አንድ ሰዓት ሙሉ ይጠብቃሉ፤ ቀጠሮ የሚባል ነገር ባይኖር ያው 300 ሰው በ18 ደቂቃ ያልቅ ነበር። ሁለቱ መስመሮች በሚገናኙበት ቦታ የቆመው ሠራተኛ ከአጭሩ መስመር ብዙ፣ ከረጅሙ ጥቂት እያደረገ የሚያስገባው በዚህ ድልድል መሠረት ነው እንጂ ለማዳላት አይደለም።

አገልግሎቱ ከጊዜ በኋላ ወደ ስልክ መተግበሪያ ተዛወረ፤ በ2020 ፓርኮቹ በኮሮና ምክንያት ሲዘጉ ተቋረጠ፤ በጥቅምት 2021 ጂኒ ፕላስ በሚል ስም ሲመለስ ግን በሰው ከ15 ዶላር የሚጀምር ክፍያ ተጣለበት። ከሐምሌ 2024 ጀምሮ ደግሞ ላይትኒንግ ሌን መልቲ ፓስ ተብሏል። እዚህ ላይ ሐቁን በግልጽ መናገር ያስፈልጋል፦ ከፋዩ የሚገዛው ጊዜ ከየትም የተፈጠረ ሳይሆን በመደበኛው ሰልፍ ከቆመው ሰው ላይ የተወሰደ ጊዜ ነው። ይህን የሚያውቅ ሰው ቢገዛም ባይገዛም ውሳኔው በመረጃ ላይ ይመሠረታል።

ታዲያ መግዛት ያስፈልጋል?

በመጀመሪያ የሚሸጡትን እንለያቸው። መልቲ ፓስ በአንድ ፓርክ ውስጥ ላሉ በርካታ መጫወቻዎች ቀጠሮ ያስይዛል። ሲንግል ፓስ እጅግ ተፈላጊ ለሆኑ ጥቂት መጫወቻዎች በተናጠል የሚከፈል ነው። ፕሪሚየር ፓስ ያለ ቀጠሮ በፈለጉት ሰዓት እያንዳንዱን አንድ ጊዜ የሚያስገባ ሲሆን፣ በ2024 መጨረሻ ሲወጣ ዋጋው እንደ ቀኑና እንደ ፓርኩ በሰው ከ129 እስከ 449 ዶላር ነበር። ለአብዛኛው ቤተሰብ ይህኛው የሚታሰብ አይደለም።

መልቲ ፓስ የገዛ ሰው አስቀድሞ 3 መጫወቻዎችን ይመርጣል፤ ከአኒማል ኪንግደም በቀር በሌሎቹ ፓርኮች መጫወቻዎቹ በቡድን ስለተከፈሉ ተፈላጊዎቹን ሁሉ በአንድ ጊዜ መውሰድ አይቻልም። በዲዝኒ ሆቴሎች የሚያድሩ ከመድረሳቸው 7 ቀን፣ ሌሎች ጎብኚዎች ደግሞ ከሚገቡበት ዕለት 3 ቀን ቀደም ብለው መያዝ ይችላሉ። ምዝገባው የሚከፈተው በፍሎሪዳ ከጠዋቱ 1 ሰዓት ነው፤ ይህም ለሲያትልና ለሎስ አንጀለስ ነዋሪ ከሌሊቱ 10 ሰዓት ማለት ነው። መጀመሪያ ከተያዙት አንዱን ሲጠቀሙ በምትኩ ሌላ መያዝ ስለሚቻል፣ ቀጠሮዎቹን በተቻለ መጠን ወደ ረፋድ ማድረግ ይበጃል። ሦስቱንም ወደ ማታ የሰጠ ሰው ቀኑን ሙሉ ሌላ መጨመር ሳይችል ይውላል፤ ከፍለው ያልተጠቀሙ ቤተሰቦች ብዙውን ጊዜ የሚሳሳቱት እዚህ ላይ ነው።

በግርግር ሳምንት፣ ለአንድ ቀን ብቻ፣ በተለይ ወደ ማጂክ ኪንግደም ለሚገባ ቤተሰብ ክፍያው ዋጋ አለው። ሰው በሚቀንስበት ወቅት ለሚሄድ፣ በማለዳ መነሣት ለሚችልና ልጆቹ ገና ትንንሽ ለሆኑ ግን ገንዘቡን ለሌላ ጉዳይ ቢያውለው ይሻላል። የዩኒቨርሳል ፓርኮችም ኤክስፕረስ የሚል ተመሳሳይ አገልግሎት ይሸጣሉ። ደንቦቹና ዋጋዎቹ ቶሎ ቶሎ ስለሚለዋወጡ፣ ከጉዞው በፊት በመተግበሪያው ማረጋገጥ ግድ ነው።

የትኛው ወቅት ይመረጣል?

ፓርኮቹ የሚጨናነቁት የአሜሪካ ልጆች ከትምህርት ነፃ በሚሆኑበት ጊዜ ነው። ከፈረንጆች ገና እስከ አዲስ ዓመታቸው ያለው ሳምንት ከሁሉ የከፋ ሲሆን፣ የፋሲካና የመጋቢት የትምህርት ዕረፍት፣ የታንክስጊቪንግ ሳምንት እንዲሁም በየካቲት የሚውለው የፕሬዚዳንቶች ቀን ሰሞን ይከተላሉ። በአንጻሩ በፍሎሪዳ ትምህርት የሚጀመረው በነሐሴ ወር ስለሆነ ከዚያ ወር መጨረሻ እስከ መስከረም ማብቂያ ሰዉ ይሳሳል።

እዚህ ላይ ለእኛ የሚመች አንድ አጋጣሚ አለ። እንቁጣጣሽና መስቀል የሚውሉት በዚሁ ቀለል ባለ ወቅት ነው። ለትምህርት ያልደረሱ ልጆች ያሏቸው ወይም ከአገር ቤት የመጡ ዘመዶችን የሚያስጎበኙ ሰዎች በዓሉን ከጉዞው ጋር ሊያያይዙት ይችላሉ። ወቅቱ የአውሎ ነፋስና የከባድ ዝናብ ጊዜ መሆኑን ግን መዘንጋት አይገባም። የእኛ ገና በሚውልበት ሰሞን የፈረንጆቹ ግርግር ያበቃ ቢሆንም የዲዝኒ ማራቶን በዚያው አካባቢ ስለሚካሄድ ሆቴሎችና መንገዶች ይጨናነቃሉ፤ በጥምቀት አካባቢ ደግሞ የማርቲን ሉተር ኪንግ በዓል ረጅም የዕረፍት ቀናት ይመጣሉ። በሁለቱ መካከል ያሉት ቀናት የተሻሉ ናቸው።

ትክክለኛውን ቀን ለመምረጥ ቀላሉ ምልክት የትኬቱ ዋጋ ነው። ከ2018 ወዲህ ዋጋው እንደ ቀኑ ስለሚለያይ፣ ርካሹ ቀን ድርጅቱ ራሱ ሰው ይቀንሳል ብሎ የገመተው ቀን ነው። ማጂክ ኪንግደም ከነሐሴ አጋማሽ እስከ ታኅሣሥ በአንዳንድ ምሽቶች የተለየ ትኬት የሚጠይቅ ድግስ ሲኖረው ለመደበኛ ጎብኚ ከምሽቱ 12 ሰዓት ይዘጋል። ብዙ ሰው ቀኑ አጠረብኝ ብሎ ስለሚሸሸው፣ የምሽቱ ርችት ለማያጓጓው ቤተሰብ በዚያን ዕለት ቀኑን ጥሩ አድርጎ መጫወት ይቻላል።

ማለዳ መድረስ ያን ያህል ለውጥ ያመጣል?

አዎን፣ ከተጠቀሱት ሁሉ የሚበልጠው ይህ ነው፤ ነፃም ነው። ፓርኩ ሲከፈት መጫወቻዎቹ በሙሉ አቅማቸው ይሠራሉ፣ ሰዉ ግን ገና እየገባ ነው። ከረፋዱ 5 ሰዓት ገደማ ጀምሮ የሚገባው ሰው መጫወቻዎቹ ማስተናገድ ከሚችሉት ይበልጣል፤ ትርፉም በሰልፍ ላይ ይጠራቀማል፤ ይህ ክምችት እስከ ቀኑ 10 ሰዓት ድረስ አይቀልም። ስለዚህ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሰዓታት የሚጫወቱት ከእኩለ ቀን በኋላ ባሉት አራት ሰዓታት ከሚጫወቱት ሊበልጥ ይችላል።

መድረስ ሲባል ግን መኪና ማቆሚያው ላይ መድረስ አይደለም። ማጂክ ኪንግደም ከመኪና ማቆሚያው የሚለየው ሐይቅ ስላለ በጀልባ ወይም በሞኖሬል (በአንድ ሐዲድ ላይ በሚሄድ ባቡር) መሻገር ያስፈልጋል፤ ከዚያ በፊትም የቦርሳ ፍተሻ አለ። ፓርኩ ከጠዋቱ 3 ሰዓት የሚከፈት ከሆነ በ2 ሰዓት መኪናውን ማቆም ተገቢ ነው። በዲዝኒ ሆቴሎች ያደሩ ሰዎች በየቀኑ በሁሉም ፓርኮች 30 ደቂቃ ቀድመው ስለሚገቡ፣ ከውጭ የሚመጣ ቤተሰብ እጅግ ዝነኛው መጫወቻ ዘንድ ሲደርስ ተሰልፈው ሊያገኛቸው ይችላል። በዚህ ጊዜ ወደ ሁለተኛው ወይም ሦስተኛው ተፈላጊ መጫወቻ መሄድ ያዋጣል።

ማለዳ ላይ በሰዓት ጥቂት ሰው የሚያስተናግዱትን፣ እኩለ ቀን ላይ ብዙ የሚያስተናግዱትን መምረጥ የመርሐ ግብሩ መሠረት ነው። ካሩሰል ኦፍ ፕሮግረስ የተባለው የሚሽከረከር ቲያትር ሰፊና ቀዝቃዛ ስለሆነ ለቀትር የተመቸ ነው። በአኒማል ኪንግደም ያለው የኪሊማንጃሮ ሳፋሪ ደግሞ በማለዳ የሚመረጥበት ሌላ ምክንያት አለው፤ እንስሳቱ ሙቀቱ ሳይበረታ ይንቀሳቀሳሉ።

ትንንሽ ልጆችና አያቶች ላሏቸውስ?

ከቤት ሳይወጡ የልጆችን ቁመት መለካት ያስፈልጋል። በማጂክ ኪንግደም ካሉት ፈጣን ባቡሮች ስፔስ ማውንቴን 112 ሴንቲ ሜትር፣ ትሮን 122 ሴንቲ ሜትር ይጠይቃል፤ ሠራተኞቹም በአንድ ጣት እንኳ አያልፉም። ከረጅም ጥበቃ በኋላ በበሩ ላይ የተመለሰ ልጅ ሐዘኑ ቀኑን ሙሉ አይለቀውም።

ቁመቱ ያልደረሰ ልጅ ያላቸው ወላጆች ራይደር ስዊች የሚባለውን ነፃ አሠራር ይጠይቁ። አንዱ ወላጅ ተሰልፎ ሲጫወት ሌላው ከሕፃኑ ጋር ይቆያል፤ ከዚያም ይለዋወጣሉ፣ ሁለተኛው በአጭሩ መስመር ይገባል። ይህ መብት ሳይጠየቅ ስለማይሰጥ ብዙ ወገኖቻችን ሳይጠቀሙበት ይመለሳሉ። በአንዳንድ መጫወቻዎች፣ ለምሳሌ በኤክስፔዲሽን ኤቨረስት፣ ለብቻው የሚቀመጥ ሰው ክፍት የቀረውን ወንበር የሚሞላበት የተለየ መስመርም አለ፤ ጎን ለጎን መቀመጥ ግድ ለማይሰጣቸው ወጣቶች ጥበቃውን በእጅጉ ሊያሳጥር ይችላል። እንደ ኦቲዝም ባለ የዕድገት እክል ምክንያት በሰልፍ መቆም ለማይችሉ ልጆች የተለየ አገልግሎት አለ፤ ከጉዞው በፊት በቪዲዮ ጥሪ ይመዘገባል።

ምግብም ሰልፍ አለው። በመተግበሪያው ቀደም ብሎ ማዘዝ፣ ወይም ከቤት ይዞ መግባት ይቻላል፤ ዲዝኒ የመስታወት ዕቃና አልኮል እስካልሆነ ድረስ ስንቅ አይከለክልም። በፍልሰታ ሰሞን የሚጓዙ ጾመኞች በምግብ ዝርዝሩ ላይ የቅጠል ምልክት ያለበትን ቢፈልጉ ከእንስሳት ተዋጽኦ ነፃ የሆነ ምግብ ያገኛሉ።

ዝናብ ሲመጣና ቀኑ ሲመሽስ?

በፍሎሪዳ ከሰኔ እስከ መስከረም ከሰዓት በኋላ ነጎድጓድ የተለመደ ነው። መብረቅ ሲቃረብ ከቤት ውጭ ያሉ መጫወቻዎች ይቆማሉ፤ ብዙ ሰውም ተስፋ ቆርጦ ወደ ሆቴሉ ይመለሳል። የዝናብ ልብስ ይዞ በጣሪያ ሥር አንድ ሰዓት የታገሠ ቤተሰብ ዝናቡ ሲያባራ የተሳሳ ፓርክ ያገኛል።

ምሽት ላይ ደግሞ ርችቱ በሚተኮስበት ጊዜ ሰዉ በማጂክ ኪንግደም መካከል ወዳለው ቤተ መንግሥት ፊት ስለሚሰበሰብ የሌሎቹ ሰልፎች ይቀልላሉ። ከመዝጊያው ሰዓት በፊት በመደበኛው ሰልፍ የገባ ሰው ፓርኩ ቢዘጋም ተራው ደርሶ ሳይጫወት አይመለስም። ስለዚህ በቀን አንድ ሰዓት ተኩል የሚያስጠብቀውን መጫወቻ ለመጨረሻዎቹ 10 ደቂቃዎች ማቆየት ጥሩ ስልት ነው። ከዚያ ሲወጡም ወደ ጀልባውና ወደ ሞኖሬሉ የጎረፈው ሕዝብ በአብዛኛው ሄዶ ይጠብቃቸዋል፤ በመውጫው መንገድ ያሉት ሱቆች ከመዝጊያው ሰዓት በኋላም ለጥቂት ጊዜ ክፍት ስለሚሆኑ፣ የተኛውን ልጅ አቅፎ አረፍ የሚባልበት ቦታ አይጠፋም።